ዋጋ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ፤ ከቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ፉክክር የምናገኘው ትምህርት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





አንዳንዶቻችሁ ስለ ግድብ ወይም ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መሥመር እንደምናገር ገምታችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ስለ መጫወቻ ነው። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ልጆችም አዋቂዎችም የሚጫወቱበት፣ «ኮንሶል» ወይም በተለምዶ «ጌም» እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ አዲስ ሆኖ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ዋጋው ከተፎካካሪዎቹ አንጻር እንዴት እንደሚተመን ነው። ርእሱ ቀላል ቢመስልም በውስጡ የያዘው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንድ መሐንዲስ የሚሠራው ዕቃ በስንት መሸጥ እንዳለበት ማወቅ የሚገባው መቼ ነው? ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ወይስ ሥራውን ሳይጀምር?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሦስት ባልደረቦቼ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ማቀዝቀዣንና ቴሌቪዥንን ከኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የሚጠብቅ መሣሪያ ነድፈን ነበር። በሥራችን እጅግ እንኮራ ነበር። ከሚፈለገው በላይ ጭነት የሚችል ትራንስፎርመር መረጥን፤ ሣጥኑን ከወፍራም ላሜራ አሠራነው፤ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ መስኮትም ጨመርንበት። ሥራው ሲያልቅ የዕቃውንና የጉልበቱን ወጪ ደመርን፤ በላዩ ላይ መጠነኛ ትርፍ አከልን፤ የተገኘውንም ድምር «ዋጋ» ብለን ሰየምነው። ከዚያም ናሙናውን ይዘን መርካቶ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሄድን።

ነጋዴው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ከመደርደሪያቸው ላይ ከውጭ አገር የመጣ ተመሳሳይ ዕቃ አውርደው ከእኛው ጎን አስቀመጡት። የዚያኛው ዋጋ ከእኛው ግማሽ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። «ልጆቼ፣ የእናንተው ጠንካራ መሆኑን አያለሁ። ነገር ግን ገዢው ትርፉን ገንዘብ የሚከፍለው ለምኑ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ተቋረጠ፤ ለመገጣጠሙ ሥራ የቀጠርናቸው፣ አብዛኞቹ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና የወጡ ወጣቶችም ተበተኑ። ጥፋቱ የነጋዴው ወይም የገበያው አልነበረም፤ የእኛ የነዳፊዎቹ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው የሌሎችን የዋጋ ታሪክ መመርመር የጀመርሁት። ካየኋቸው ምርቶች ሁሉ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው። ምክንያቱም ዋጋው በአደባባይ ይታወጃል፤ ተፎካካሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሽያጩም ውጤት በግልጽ ይታወቃል። በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዋጋዎቹም የተለየ ነገር ካልገለጽሁ በቀር በአሜሪካ ገበያ የነበሩ ናቸው።

፩. ባለ ሁለት እግር ንግድ

አስቀድሜ የዚህን ንግድ አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። የኮንሶል ንግድ በሁለት እግር የሚቆም ነው። አንደኛው እግር መሣሪያው ነው፤ ሁለተኛው በመሣሪያው ላይ የሚጫወቱት ጨዋታዎች ናቸው። መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጨዋታዎቹ ግን በየጊዜው ይገዛሉ። ጨዋታውን የሌላ ድርጅት ሰዎች ቢሠሩትም እንኳ፣ የመሣሪያው አምራች ከሚሸጠው እያንዳንዱ ጨዋታ ላይ የፈቃድ ክፍያ ያገኛል። ከዚህም የተነሣ አምራቹ መሣሪያውን በአነስተኛ ትርፍ፣ ያለ ትርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በኪሳራ ሸጦ ጉድለቱን ከጨዋታዎቹ ሊሞላ ይችላል። በአገራችን የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ለየሱቁ ማቀዝቀዣ ሲያድሉ የምናየው አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ፋብሪካው ትርፉን የሚያገኘው ከማቀዝቀዣው ሳይሆን በውስጡ ከሚቀዘቅዘው ጠርሙስ ነው።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 «ፋሚኮም» የተባለውን መሣሪያ በአገሩ በ14,800 የን ሲያቀርብ በዚህ መንገድ ላይ ነበር። ዝቅተኛው ዋጋ መሣሪያውን በየቤቱ አስገባው፤ ቤት የገባው መሣሪያ ደግሞ ጨዋታ እየጠየቀ ኖረ።

ይህን ስሌት የዘነጋ ምን እንደሚገጥመው እ.ኤ.አ. በ1993 ታይቷል። ትሪፕ ሆኪንስ የመሠረቱት 3ዲኦ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን ራሱ ከማምረት ይልቅ ንድፉን ለፓናሶኒክና ለሌሎች አምራቾች በፈቃድ ሰጠ። ሐሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ለጨዋታ ሠሪዎች የተጠየቀው የፈቃድ ክፍያ በአንድ ዲስክ 3 ዶላር ብቻ ስለ ነበረ እነርሱን የሚስብ ነበር። ይሁንና መሣሪያውን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ከጨዋታ ሽያጭ የሚተርፋቸው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ትርፋቸውን በሙሉ ከመሣሪያው ማግኘት ነበረባቸው፤ ዋጋውም 700 ዶላር ገደማ ሆነ። ያን ያህል የሚከፍል ገዢ ጥቂት ነበር፤ ገዢ በሌለበትም ጨዋታ ሠሪ አይበረክትም። ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋጋውን ከፍ ያደረገው የመሣሪያው ጥራት ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት የውሉ አወቃቀር ነበር። ዋጋው ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር በወረቀት ላይ ተወስኖ ነበር።

ስሌቱ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራም እኛ የአዲስ አበባ ልጆች በዐይናችን አይተናል። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረው የጌም ቤት ባለቤት አንድ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ መንደሩን በሙሉ ያጫውት ነበር። እኛም በተራ ተሰልፈን በየጨዋታው ሳንቲም እንከፍል ነበር። ዲስኮቹ ቅጂዎች ስለ ነበሩ ከዚያ ሁሉ ሳንቲም ወደ አምራቹ የሚመለስ አልነበረም። አምራቹ መሣሪያውን በርካሽ ሲተምን ያሰበው ገዢ በየወሩ ጨዋታ የሚገዛውን ቤተሰብ ነበር፤ የኛ ሰፈር ገዢ ግን ያ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ዋጋ ማለት ስለ አንድ የተወሰነ ሰው የተደረገ ግምት ነው። ሰውየው ሲለወጥ ስሌቱም ይለወጣል።

፪. ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1995 በሎስ አንጀለስ ከተማ የመጀመሪያው ታላቅ የኤሌክትሮኒክ መዝናኛዎች ዐውደ ርእይ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገበያ ስሙ የገነነው ሴጋ «ሳተርን» የተባለ አዲስ መሣሪያ ነበረው። ሶኒ በበኩሉ በዚህ ንግድ ውስጥ አዲስ ገቢ ነበር፤ የያዘውም «ፕሌይስቴሽን»ን ነበር። ሁለቱም መሣሪያዎች በ1994 መጨረሻ ላይ በጃፓን ለሽያጭ ቀርበው ነበር።

የሴጋ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ቶም ካሊንስኪ ወደ መድረክ ወጥተው፣ ለመስከረም 2 ቀን ቀጠሮ የተያዘለት ሳተርን ከዚያች ዕለት ጀምሮ በተመረጡ መደብሮች በ399 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቁ። አሳቡ ተፎካካሪውን በአራት ወር መቅደም ነበር። ከዚያ በኋላ ተራው የሶኒ ሆነ። የሶኒ ኮምፒዩተር መዝናኛ የአሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ስቲቭ ሬስ ወደ መድረክ ወጡ። ከአትሮንሱ ደርሰው አንድ ቁጥር ብቻ ተናገሩ፤ «ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩም ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ብልኅ የንግድ ንግግር ተደርጎ ነው። እኔ ግን እንደ መሐንዲስ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ያችን ቁጥር በዚያ መድረክ ላይ መናገር ያስቻለው ምንድን ነው? ንግግሩን የጻፈው ሰው ነው ወይስ መሣሪያውን የነደፈው?

የሁለቱን ሣጥኖች ክዳን ከፍተን ብናይ መልሱን እናገኘዋለን። ሳተርን በውስጡ ሁለት የሂታቺ ዋና ፕሮሰሰሮች፣ ሁለት የተለያዩ የምስል ቺፖች፣ ለድምፅም የተለዩ ፕሮሰሰሮች ነበሩት። በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ አካል ማለት ብዙ ወጪ ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ሁለት ፕሮሰሰሮችን በአንድነት በሚገባ ማሠራት በዚያን ዘመን ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ገዢው የከፈለበት ኃይል በከፊል ያለ ሥራ ይቀመጥ ነበር። ፕሌይስቴሽን በአንጻሩ አንድ ዋና ፕሮሰሰር ነበረው፤ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለመሥራት የሚያስፈልገው ስሌትም ከዚያው ቺፕ ጋር ተዋሕዶ ነበር። ጥቂት አካል፣ ቀላል ሰሌዳ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊው የተመቸ አሠራር። እነዚህ ሁሉ ከመድረኩ ንግግር ዓመታት አስቀድሞ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የተወሰኑ ናቸው። ስቲቭ ሬስ የተናገሯት ቁጥር ከንድፉ የተነበበች ነበረች።

የሴጋ መቸኮልም ሌላ ዋጋ አስከፈለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በድንገት የተጀመረው ሽያጭ ለአራት የመደብር ድርጅቶች ብቻ የተፈቀደ ስለ ነበረ ሌሎቹ ቸርቻሪዎች ተቀየሙ፤ ከእነርሱም አንዱ የሴጋን ዕቃ ጨርሶ አልሸጥም እስከ ማለት ደረሰ። ጨዋታ የሚሠሩትም ድርጅቶች ሥራቸውን ለመስከረም እያዘጋጁ ስለ ነበረ፣ መሣሪያው ያለ በቂ ጨዋታ ለወራት ቆየ። ፕሌይስቴሽን በመስከረም ወር በተነገረው ዋጋ ወጣ፤ ሴጋም በጥቅምት ወር የሳተርንን ዋጋ ወደ 299 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። በግንቦት 1996 ፕሌይስቴሽን ወደ 199 ዶላር ወረደ፤ በ1997 ደግሞ ወደ 149። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አካሉ ጥቂትና ንድፉ ቀላል የሆነው መሣሪያ ዋጋውን ሲያወርድ፣ አካሉ የበዛው እየተጎዳ ይከተለው ነበር። በመጨረሻ ሳተርን በዓለም ላይ 9 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን «ርካሽ ያሸንፋል» ብንል እንሳሳታለን። በመስከረም 1996 ኒንቴንዶ «ኒንቴንዶ 64» የተባለውን መሣሪያ ልክ እንደ ፕሌይስቴሽን በ199 ዶላር ገደማ አቀረበ፤ መሣሪያውም በብዙ ረገድ ከተፎካካሪው የበረታ ነበር። ይሁን እንጂ ጨዋታዎቹን ያሳተመው በካርትሪጅ ነበር፤ ካርትሪጅን ማምረት ደግሞ ዲስክን ከማተም እጅግ የበለጠ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ዋጋ እኩል ቢሆንም፣ ገዢው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከኪሱ የሚያወጣው እኩል አልነበረም። ብዙ ጨዋታ ሠሪዎችም ወደ ዲስኩ አዘነበሉ። ገዢ የሚያየው አንድ ዋጋ ቢሆንም የሚከፍለው ብዙ ዋጋ ነው፤ ያን ሁሉ ቆጥሮ ያልነደፈ መሐንዲስ ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል።

፫. አሸናፊው ሲዘነጋ

በ1995 ተፎካካሪውን በአንዲት ቁጥር የረታው ሶኒ፣ ከ11 ዓመት በኋላ የተፎካካሪውን ስሕተት ራሱ ደገመው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 «ፕሌይስቴሽን 3» ሲወጣ በሁለት ዓይነት፣ በ499 እና በ599 ዶላር ቀረበ። የማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ 360» ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በ299 እና በ399 ዶላር ወጥቶ ነበር። የኒንቴንዶ «ዊ» ደግሞ በዚያው ወር በ250 ዶላር ወጣ።

ሶኒ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ስግብግብ ስለ ሆነ አልነበረም። እንዲያውም አይሰፕላይ የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት መሣሪያውን ፈታቶ ሲገምት፣ ባለ 599 ዶላሩ ለማምረት 840 ዶላር ያህል፣ ባለ 499 ዶላሩ 805 ዶላር ያህል እንደሚፈጅ አስልቶ ነበር። ገዢው «ተወደደብኝ» እያለ ሲያማርር፣ ሻጩ ደግሞ በእያንዳንዱ ሽያጭ ይከስር ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ቅር የተሰኙበት ዋጋ ነው። ምክንያቱም በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ምኞቶች ገብተው ነበር፤ ከአይቢኤምና ከቶሺባ ጋር የተሠራው «ሴል» ፕሮሰሰርና በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረው የብሉ-ሬይ ዲስክ ማንበቢያ። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የቀድሞውን የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎች እንዲያጫውቱ የአሮጌው መሣሪያ ቺፖች ተጨምረውባቸው ነበር። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ሲደመሩ ግን ገዢው የማይችለው ሸክም ሆኑ። በመጋቢት 2007 በተዘጋው የበጀት ዓመት የሶኒ የጨዋታ ክፍል 232 ቢሊዮን የን ያህል የሥራ ኪሳራ አስመዘገበ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ ሚዛኑ የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ ያ ወፍራም ላሜራችንና ያ ከሚፈለገው በላይ የሆነው ትራንስፎርመራችን ትዝ አሉኝ።

ሶኒን ያወጣው መሐንዲሶቹ ንድፉን መልሰው መላልሰው ማጥራታቸው ነው። የአሮጌው መሣሪያ ቺፖች ወጡ፤ የሴል ፕሮሰሰርም ከ90 ናኖሜትር ተነሥቶ ወደ 45 ናኖሜትር ወረደ፤ በመስከረም 2009 ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 3 በ299 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ከ14 ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ የተነገረችው ያችው ቁጥር መሆኗ ነው። መሣሪያው በመጨረሻ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሆኖም በቀድሞው ንድፍ መሥራት ይቻል የነበረውን ሥራ በሦስት ዓመት ኪሳራ መሥራት ብልኅነት አይባልም።

በዚያው ዘመን የኒንቴንዶ መሐንዲሶች የተለየ መንገድ ያዙ። የዊ ፕሮሰሰርና የምስል ቺፕ ከቀድሞው «ጌምኪዩብ» የተወረሱና የተሻሻሉ ነበሩ፤ አዲሱ ነገር በእጅ የሚወዛወዘው መቆጣጠሪያ ነበር። ገንዘቡን ገዢው በእጁ በሚነካው ነገር ላይ አዋሉት። መሣሪያው በኃይል የሦስቱ ደካማ ቢሆንም ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ማይክሮሶፍትስ? እርሱም ቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ በመውጣቱ ብዙ ገበያ አገኘ። ነገር ግን ብዙ መሣሪያዎች እየተበላሹ ሲመለሱ፣ በሐምሌ 2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለዚህ ጉዳይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መመደብ ግድ ሆነበት። በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ያልተከፈለ ዋጋ በጥገና ጠረጴዛ ላይ ይከፈላል፤ ያውም ከነወለዱ።

፬. ዋጋ ቃል ኪዳን ነው

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ወጪ ነው። አሁን ስለ እምነት ልናገር። ዋጋ ከገዢው ጋር የሚደረግ ቃል ኪዳን ነው፤ ዋጋውን የለወጠ ቃሉን ለወጠ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ኒንቴንዶ «3ዲኤስ» የተባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በ250 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ሽያጩ ከታሰበው በታች ሆነ። ኩባንያው ገና አምስት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር፣ ዋጋውን ወደ 170 ዶላር አወረደ። ይህ ለአዲስ ገዢ ደስታ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተሰልፎ ለገዛው ግን ቅጣት ነው። ኒንቴንዶ ይህን በመገንዘቡ ቀድመው ለገዙት 20 የቆዩ ጨዋታዎችን በነጻ ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታም የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ፤ ሌሎቹ ሹማምንትም ከደመወዛቸው ተቀነሰ። መሣሪያው ከዚያ በኋላ አንሰራርቶ ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የሽያጩ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያው ዋጋ ስሕተት እንደ ነበረ የታመነውና ዕዳው የተከፈለው በአለቆቹ ኪስ ጭምር መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ዋጋ ሲሳሳት ቀድሞ የሚሰናበተው ገጣጣሚው ነው።

በ2013 ደግሞ የ100 ዶላር ልዩነት በአንድ ተጨማሪ ዕቃ ምክንያት ሲፈጠር አየን። የማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ ዋን» በ499 ዶላር፣ የሶኒ «ፕሌይስቴሽን 4» በ399 ዶላር እንደሚሸጡ በሰኔ ወር በአንድ ቀን ተነገረ። በኤክስቦክሱ ሣጥን ውስጥ «ኪኔክት» የተባለው የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የሚመለከት ካሜራ በግዴታ ተካቶ ነበር። ካሜራው የረቀቀ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ ብዙው ገዢ ግን አልጠየቀውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ማይክሮሶፍት ካሜራውን አውጥቶ ዋጋውን ወደ 399 አወረደ፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ውስጥ የሄደው ገዢ ሄዷል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። የምንኮራበት ነገር ሁሉ ገዢው የሚከፍልበት ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በመጨረሻም ስለ ዘመናችን አንድ ቃል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የኮንሶል ዋጋ ጎዳና ወደ ታች ነበር። ቺፑ በየጥቂት ዓመቱ ይረክሳል፣ መሣሪያውም አብሮ ይረክሳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በኪሳራ የሚጀምሩትም ይህን ተማምነው ነው። ይህ እምነት አሁን ተናግቷል። በ2020 በ499 ዶላር የወጣው «ፕሌይስቴሽን 5» በነሐሴ 2022 ከአሜሪካ ውጭ ባሉ በርካታ አገሮች ዋጋው ጨመረ፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ በአሜሪካም ወደ 549 ዶላር ከፍ አለ። መሣሪያው እያረጀ ዋጋው ሲወጣ ማየት በዚህ ንግድ ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚህም የምንማረው፣ ነገ ይረክስልኛል ብሎ ዛሬ በኪሳራ መንደፍ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ አደገኛ መሆኑን ነው።

፭. ሦስት ጥያቄዎች

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከመካከላችን ፕሌይስቴሽን የሚሠራ የለም። ነገር ግን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የወፍጮ ሞተር ማስነሻ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የፀሐይ ኃይል መብራት የሚሠራ አለ። እነዚህም ዕቃዎች አንድ ቀን በአንድ መደርደሪያ ላይ ከሌላ ዕቃ ጎን መቀመጣቸው አይቀርም። ስለዚህ ማንኛውም ንድፍ ሲጀመር በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከቮልቱና ከአምፔሩ በላይ፣ ሦስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እንዲጻፉ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ገዢው ይህን ዕቃ ከምን ጋር ያነጻጽረዋል? የማምረቻ ወጪያችንን እርሱ አያውቀውም፤ ሊያውቅም አይገደድም። እርሱ የሚያውቀው ከጎኑ የተቀመጠውን ነው። በ1995 የሳተርን ዕጣ የተወሰነው በራሱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ በተነገረው ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፤ በዋጋው ውስጥ ገዢው ያልጠየቀው ነገር አለ? ካለ፣ ስንት ያስከፍለዋል? ይህን ስንጠይቅ አስተማማኝነትን ከማያስፈልጉ ነገሮች ተራ እንዳንቆጥር መጠንቀቅ አለብን፤ የ2007ቱ የዋስትና ወጪ ይህን ያስታውሰናል። መቀነስ ያለበት ትዕቢታችን እንጂ የገዢው ደኅንነት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ዋጋው ከዛሬ ሁለት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል? ቢወርድ ዛሬ ለገዛው ምን እንለዋለን? የውጭ ምንዛሪው ወይም የቺፑ ዋጋ ወጥቶ ቢወደድስ ንድፉ የሚለዋወጥ አካል አለው ወይስ በአንድ አቅራቢ እጅ ታስሯል?

እነዚህ ጥያቄዎች የነጋዴ ናቸው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ይሁን እንጂ ነጋዴው ሊያደርገው የሚችለው ትርፉን ትንሽ መቀነስ ወይም ትንሽ መጨመር ብቻ ነው። ከዋጋው አብዛኛውን ክፍል የሚወስነው አካሉን የመረጠው፣ ሰሌዳውን የዘረጋው፣ ብሎኑን የቆጠረው ሰው ነው። ያ ሰው እኛ ነን። ውሳኔውን እኛ ወስነን ኃላፊነቱን ለሌላ ማስተላለፍ አንችልም።

በዚህ ዓመት ያንን የኃይል መጠበቂያ ንድፍ ከመሳቢያው አውጥቼ በአዲስ ወረቀት ላይ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ገና አላለቀም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ከማንኛውም ሥዕል በፊት አንድ ቁጥር ጽፌአለሁ፤ ይኸውም መርካቶ ባለው መደርደሪያ ላይ ከጎኑ የሚቀመጠው ዕቃ ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ከዚያ ቁጥር ጋር የማይስማማ አካል ሁሉ፣ የቱንም ያህል ብወደው፣ በንድፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሲያልቅ ወደ እኚያ ነጋዴ ዘንድ እመለሳለሁ። የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁና፣ በዚህ ጊዜ መልሱን ይዤ ለመሄድ ተስፋ አደርጋለሁ።